በረዶ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው ጎማ እንደሚጎትት እወቁ

መንጃ ማስተማር መተዳደሪያዬ ነው። በረዶ ሊጥል ነው የተባለ ቀን ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «በረዶ ላይ እንዴት ነው የሚነዳው?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፤ «ምን ዓይነት መኪና ነው የያዝከው?» ብዙው ሰው የመኪናውን ስምና ሞዴል ይነግረኛል፤ ቀለሙን የሚጨምርም አለ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን ሞተሩ የሚያዞረው የትኞቹን ጎማዎች እንደሆነ ነው። የፊቶቹን ነው፣ የኋላዎቹን ነው ወይስ አራቱንም? ባለ ፍሪሲዮን ነው አውቶማቲክ? ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት፣ አለው? የታሰረለት ጎማ የምን ጎማ ነው? ይህን የማያውቅ ሰው ደረቅ አስፋልት ላይ ዕድሜውን ሙሉ በሰላም ሊነዳ ይችላል። በረዶ ላይ ግን የመጀመሪያው ኩርባ ይጠይቀዋል።

ካላወቃችሁ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ግለጡ፤ ካልሆነም ለሚያውቅ መካኒክ አሳዩት። የአንዱ መኪና መድኃኒት ለሌላው ስለማይሆን ነው ይህን ያህል የምጨቀጭቀው።

ለሁሉም መኪና የሚሠራው

አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የእጅ መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። መኪናው የሚነሳውም፣ የሚዞረውም፣ የሚቆመውም በእነዚያ አራት ቦታዎች ነው። የጎማው አቅም እንደ ወር ደሞዝ ነው፤ ለፍሬን ከጨረሳችሁት ለመሪ አይተርፍም፣ ለመሪ ከጨረሳችሁት ለነዳጅ አይተርፍም። ደረቅ አስፋልት ላይ ብዙ ስለሚተርፍ ኩርባ ውስጥ ፍሬን እየያዛችሁ ብትዞሩ እንኳ አይታወቃችሁም። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ የሚቀረው ሲሶው ወይም ሩቡ ነው። ውሃው ረግቶ የጠጠረ ግግር ላይ ደግሞ አንድ አሥረኛው፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀትም በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ግግር ላይ ከደረቁ አስፋልት እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ በቃላቸው የሚይዙት ደንብ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር» የሚል ነው። መንገዱ ቀጥ ባለበት ፍሬን ይያዛል። ፍሬኑ ይለቀቅና መሪ ይዞራል። መሪው ወደ ቦታው ሲመለስ ነዳጅ ይሰጣል። ሦስቱ ሲደራረቡ ነው መኪና ከእጅ የሚወጣው።

ሰው የማይጠብቀው ሌላ ነገር አለ። ክፉኛ የሚያንሸራትተው ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ቀን አይደለም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በረዶው ደረቅ ነው፤ ጎማ ከእግሩ ሥር ሲንጫጫ ትሰማላችሁ፣ ይይዛልም። የሚያስፈራው ቴርሞሜትሩ ዜሮ አካባቢ ሲወዛወዝ ነው፤ ያን ጊዜ በረዶው ላዩ ላይ ስስ ውሃ ይቋጥራል፣ ጎማው የሚንሳፈፈው በዚያ ላይ ነው። «ዛሬ ሞቅ ብሏል» ብላችሁ የምትዝናኑበት ቀን ይበልጥ የምትጠነቀቁበት ቀን ነው። ጨው ተበትኗል ብላችሁም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ ተራው የመንገድ ጨው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ እያለቀ ይሄዳል።

ከጎማ እንጀምር

ጎማ ላይ አልደራደርም። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል፤ ጥርሱ ቢያምርም አይይዝም። የበረዶ ጎማ የሚሠራው በብርድ ከማይጠነክር ላስቲክ ነው፣ ጥርሱም ላይ በረዶውን የሚነክሱ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉበት። ስትገዙ ጎኑን እዩ፤ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሐሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ካለ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ከሆነ ግን ፋብሪካው ራሱ የሰጠው ስም እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም።

ከቀየራችሁ አራቱንም ቀይሩ። «የሚጎትቱት የፊቶቹ ናቸው፣ ሁለቱ ይበቁኛል» የሚል ሰው አያልቅም። ፊቱ እየያዘ ኋላው የማይዝ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቂጡ ቀድሞ መሄድ ያምረዋል። የጥርሱ ጥልቀት 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ በኋላ ለበረዶ አልቋል ብላችሁ ቁጠሩት፤ ሕጉ ከዚያ ያነሰ ይፈቅድ ይሆናል፣ በረዶው ግን ሕግ አያነብም። ነፋሱንም ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፤ ብርዱ በየ5 እና 6 ዲግሪው ልዩነት 1 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ የሚለካበት አሃድ) ያህል ይቀንሰዋልና በጥሩ ጊዜ ልክ የነበረው ሲበርድ ልክ አይሆንም።

ሰንሰለት ለከባድ በረዶና ለተራራ መንገድ ነው። የሚታሰረው በሚጎትቱት ወይም በሚገፉት ጎማዎች ላይ ነው፤ አለዚያ ጌጥ ነው። ጥቂት እንደሄዳችሁ ወርዳችሁ እንደገና አጥብቁት፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይም አትንዱበት፤ ደረቅ አስፋልት ስታገኙ ፍቱት። አስተሳሰሩን መንገድ ዳር በጨለማ አትማሩ። ቤታችሁ በር ላይ፣ ጓንት አጥልቃችሁ አንዴ ሞክሩት፤ ጓንት ሳያጠልቅ የተለማመደ ሰው የብርዱ ዕለት ጣቶቹ እምቢ ይሉታል።

መኪናውን አጽዱ፣ ሙሉውን

የፊት መስታወት ላይ የሳህን ያህል ቀዳዳ ፍቆ በዚያች እያጮለቀ የሚነዳ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነቱ ራቁ፤ እናንተን አላያችሁም። መስታወቶቹ በሙሉ፣ ስፖኪዮው፣ የፊትም የኋላም መብራት፣ ካሜራ ካለም ካሜራው ይጠረግ። አዳዲሶቹ የኤልኢዲ መብራቶች ብዙም ስለማይሞቁ የሸፈናቸውን በረዶ አያቀልጡም፤ ረጅም መንገድ ላይ እየወረዳችሁ መጥረግ ሊኖርባችሁ ነው። ጣሪያው ላይ የተቆለለውን አውርዱት፤ መኪናው ውስጡ ሲሞቅ ከሥር ይለቃል፣ ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ተንሸራቶ በአንዴ የፊት መስታወታችሁ ላይ ይወርዳል፣ ወይም ከኋላችሁ ላለው ይተርፋል። የደረቀ በረዶ ላይ የፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ዝናብ መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ከተጣበቀም በሞተር ኃይል ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ የሚቃጠለው የመጥረጊያው ሞተር ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ጫማችሁን አራግፉ። ትንሽ ነገር ይመስላል። የጫማ ሶል ሥር የተጠቀጠቀ በረዶ ግን ከፍሬኑ ላይ እግርን ያሾልካል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ወለሉን ያረጥብና መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ጭጋጉን ለማጥፋት ሙቀቱን ከፍታችሁ ኤሲውንም አብሩት፤ አየሩን ያደርቀዋል። የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፉት።

በፊት የሚጎትት መኪና

አብዛኛው ትንሽና መካከለኛ የቤት መኪና እንዲህ ነው። ሞተሩ ፊት ላይ ስለሆነ ክብደቱ የሚጎትተውን ጎማ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው። ችግሩ የፊቶቹ ጎማዎች ሁሉን ሥራ መሸከማቸው ነው፤ ይጎትታሉ፣ ያዞራሉ፣ የፍሬኑም ትልቁ ሸክም የእነሱ ነው። ሲያቅታቸው ሁሉም በአንዴ ያቅታቸዋል።

ምልክቱን ከዓይናችሁ ይልቅ እጃችሁ ቀድሞ ያገኘዋል። ኩርባ ውስጥ ገብታችሁ ሳለ መሪው ድንገት ቅልል ይላል። ያን ጊዜ ጎማው ዞሯል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ መሄዱን ቀጥሏል። አዲስ ሹፌር እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ መሪውን ይበልጥ ይጠመዝዛል፣ ፍሬኑንም ይረግጣል። ሁለቱም ያባብሱታል። የሚደረገው እንዲህ ነው፤ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ፣ መሪውን ካዞራችሁበት ጥቂት መልሱት፣ ከዚያ ጠብቁ። ሰው የሚያቅተው ይሄ መጠበቅ ነው። ጊዜው አጭር ነው፤ ግን አጥሩ ወደ እናንተ እየመጣ ሳለ መሪ መመለስ ከገዛ ራስ ጋር መጣላት ነው። መሪው እንደገና ከበድ ሲል ጎማው ይዟል ማለት ነው፤ ያኔ ዙሩ።

እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ስታነሱ አትንጠቁት። በድንገት ሲነጠቅ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄድና ኋላው ይቀላል፤ ፊቱ ሲንሸራተት የነበረ መኪና ኋላው መዞር ይጀምራል።

ይህን የምታነቡትን እግራችሁ እስኪማረው ድረስ ጥቅም የለውም። ሰፊ፣ ባዶ፣ ምሰሶና ጠርዝ የሌለው ሜዳ ፈልጉ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሂዱና መሪውን ሆን ብላችሁ አብዝታችሁ አዙሩት። መሪው ሲቀል ምን እንደሚመስል አንዴ ከቀመሳችሁት አትረሱትም።

በኋላ የሚገፋ

ፒካፖች፣ ብዙ የጭነት ቫኖች፣ የቆዩ የቤት መኪናዎችና አንዳንድ ውድ መኪናዎች በኋላ ጎማ ነው የሚገፉት። እዚህ ፊቱ መሪ ብቻ ስለሆነ ሥራው ቀሏል፤ የሚያስቸግረው ኋላው ነው። ነዳጅ ትንሽ ሲበዛ የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከርና የመኪናው ቂጥ ወደ ጎን ይወጣል።

ሲወጣ ፍሬን አትንኩ። ነዳጁን ልቀቁ፤ ባለ ፍሪሲዮን ከሆነ ፍሪሲዮኑን ርገጡት። ዓይናችሁን መሄድ የምትፈልጉበት ላይ ትከሉ፤ ዛፉን ካያችሁ ዛፉ ጋ ነው የምትሄዱት። መሪውን ቂጡ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሩት። ቂጡ ወደ ቀኝ ከወጣ መሪው ወደ ቀኝ ነው። እስከዚህ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይነገረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ መኪናው መቃናት ሲጀምር መሪውንም ወዲያው ማቃናት አለባችሁ። ከዘገያችሁ ቂጡ በተቃራኒው በኩል ይወረወራል፤ ሁለተኛው ውርወራ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፣ ብዙዎቹ ከመንገድ የሚወጡት በመጀመሪያው ሳይሆን በእሱ ነው።

ባዶ ፒካፕ ከሁሉም ያስቸግራል፤ የሚገፋው ጎማ ላይ የተጫነው ክብደት ኢምንት ነው። ከበድ ያለ የአሸዋ ጆንያ ጫኑበት፤ ልክ ከኋላ አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹ ከያዙት ዘንግ) በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ቀረብ አድርጋችሁ፣ እንዳይንቀሳቀስ አስራችሁ። መጨረሻው በር ጋ ከወረወራችሁት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ መሪውን ያበላሻል። አሸዋው ስትቀረቀሩ ጎማ ሥር ለመበተንም ያገለግላል። ስትነሱ በአንደኛ ማርሽ አይሁን፤ በሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ እየለቀቃችሁ። አውቶማቲክ ከሆነና የበረዶ ቁልፍ ካለው እሱን ተጫኑት፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ያንኑ ነው፣ በከፍተኛ ማርሽ ያስነሳል፣ የነዳጁንም ፔዳል ያለሰልሰዋል።

ፎር ዊል ያላችሁ ስሙኝ

የበረዶ ዕለት ቦይ ውስጥ ተገልብጠው ከምታዩዋቸው መካከል ፎር ዊል መኪናዎች ለምን እንደማይጠፉ ላስረዳ። አራቱም ጎማ ሲጎትት መኪናው ይነሳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ሁሉም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራት ጎማ ነው፤ ትንሿም መኪና በአራት፣ የእናንተም በአራት። ለመቆም የተጨመረላችሁ ነገር የለም። እንዲያውም መኪናችሁ ከባድ ነው። ሌላው መኪና ሲነሳ ጎማው እየተሽከረከረ «መንገዱ አይይዝም» ብሎ ሹፌሩን ያስጠነቅቀዋል፤ የእናንተው ግን ምንም ሳይል ይሄዳል፣ መንገዱ እንደማይዝ የምታውቁት ፍሬን የረገጣችሁ ጊዜ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንደተነሳችሁ፣ ከኋላ ማንም በሌለበት፣ በዝግታ ፍሬኑን ሞክሩት። መንገዱ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

በሹፌሩ ምርጫ ገብቶ የሚወጣ ፎር ዊል ካላችሁ፣ በረዶና ደረቅ አስፋልት እየተፈራረቀ ሲመጣ ተጠንቀቁ። መሐል ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ፊትና ኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ክፍል፣ ስለሌለው ደረቅ ላይ ሲዞር ፊትና ኋላው ይታገላሉ፣ መኪናው ይነጥራል፣ ካምቢዮውም ይጎዳል። «ፎር ሎው» የሚባለው ዝቅተኛ ማርሽ ጥልቅ በረዶ ውስጥ እየዳኸ ለመውጣት ወይም አስፈሪ ቁልቁለት ለመውረድ ነው። የዲፈረንሻል መቆለፊያ ደግሞ ለመውጣት ብቻ፣ ቀጥ ብሎ፣ በዝግታ፤ ተቆልፎ መዞር አይሆንም።

ኤሌክትሪክ መኪና

የኤሌክትሪክ መኪና በረዶ ላይ በብዙ ነገር ጎበዝ ነው። ባትሪው ወለሉ ላይ ስለተዘረጋ ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፣ የጎማ መሽከርከርን የሚቆጣጠረውም ሥርዓት ከነዳጅ መኪና የፈጠነ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልመዱበት። የመጀመሪያው፣ ጉልበቱ ሳይዘገይ በአንዴ ይመጣል፤ ስለዚህ እግራችሁን የምታሳርፉት በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዘዋል። ደረቅ መንገድ ላይ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ፔዳል ብቻ ይነዳበታል። ግግር ላይ ግን ያ መያዝ የሚያርፈው ሞተሩ ያለበት ጎማ ላይ ነው። ሞተሩ ኋላ ብቻ ከሆነ፣ ኩርባ ውስጥ እግር ድንገት ማንሳት የእጅ ፍሬን እንደመሳብ ነው። መንገዱ በጣም ሲያንሸራትት የዚህን አያያዝ ኃይል ከምናሌው ዝቅ አድርጉት። ሌላም አለ፤ ባትሪው ሌሊቱን ሲበርድ ያደረ ከሆነ ጠዋት ላይ ኃይል መልሶ መቀበል ስለማይችል መኪናው እግር ሲነሳለት ብዙም አይይዝም፤ እየሞቀ ሲሄድ መያዝ ይጀምራል። ማለት፣ ከቤት ስትወጡ ያወቃችሁት ፔዳል ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ፔዳል ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይ በመጀመሪያው መገናኛ ላይ ሳይሆን ባዶ መንገድ ላይ ፈትሹት።

የሚሄድላችሁም ርቀት በብርድ በግልጽ ይቀንሳል። መኪናውን ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ቀድማችሁ አሙቁት፤ ሙቀቱ ከባትሪው ሳይሆን ከሶኬቱ ይወጣላችኋል። መቀመጫውንና መሪውን የሚያሞቁትን ተጠቀሙ፤ አየሩን ሁሉ ከማሞቅ ያነሰ ይበላሉ።

ቫን፣ ሚኒባስ፣ ተሳቢ

ስለ ከባድ መኪና አጭር ልበል፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባዶ ጭነት መኪና ከተጫነው ይበልጥ ያንሸራትታል፤ «ዛሬ ባዶ ነኝ፣ ቀሎኛል» የሚባል ነገር የለም። የሞተር ፍሬን ወይም ሪታርደር (ያለ እግር ፍሬን መኪናውን የሚያዘገየው መሣሪያ) የሚይዘው በሚገፋው አክስል ብቻ ስለሆነ ግግር ላይ አጥፉት፤ ተሳቢው ከፊቱ ጋር የሚታጠፈው እንዲህ ሲሆን ነው። ቫንና ሚኒባስ ጎናቸው ሰፊ ነው፤ ድልድይ ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ፍጥነታችሁንም ከድልድዩ በፊት ቀንሱ። ሰው የጫነ ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ የኋላውን ወንበር መጀመሪያ አትሙሉት፤ ጭነቱን በሁለቱ አክስል መሐል አድርጉት።

ፍሬን

ኤቢኤስ በብዛት ለሚመረት መኪና የቀረበው በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ነው፤ ዛሬ የሌለው አዲስ መኪና ማግኘት ያስቸግራል። ሥራው ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ መልቀቅና መያዝ ነው፤ ጥቅሙም ፍሬን እየያዛችሁ መሪ እንዲታዘዛችሁ ነው። ስለዚህ ድንገት ከሆነባችሁ አጥብቃችሁ ርገጡ፣ አትልቀቁ፣ አዙሩ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሲሰማው ደንግጦ እግሩን ያነሳል። ተበላሽቶ አይደለም፤ እየሠራ ነው። ኤቢኤስ የሌለው አሮጌ መኪና ከሆነ ግን ረግጦ መያዝ ጎማውን ይቆልፈዋል፤ እዚያ እናንተው ራሳችሁ እየረገጣችሁ እየለቀቃችሁ ነው የምትሠሩት።

አንድ የሚያከራክር ነገር ልጨምር። ጥልቅና ልል በረዶ ላይ ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያረዝመው ይችላል፤ የተቆለፈ ጎማ በረዶውን ከፊቱ ይከምርና ክምሩ ያቆመዋል፣ ኤቢኤስ ግን ያን ክምር አይፈቅድም። እንዲያም ሆኖ እኔ ኤቢኤሱን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ርቄ ብቆምም መሪዬ በእጄ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ከኋላው ሁለት የተጠማዘዘ መስመር ያለው የመኪና ምልክት ብልጭ ካለባችሁ፣ መኪናው መንሸራተቱን አውቆ ለእናንተ ጎማ እየያዘላችሁ ነው። ብልጭታውን እንደ ማስጠንቀቂያ ቁጠሩትና ፍጥነት ቀንሱ። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ይህ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ ከዚያ ያረጀ ካላችሁ ላይኖረው ይችላል።

ርቀት ደግሞ በሰከንድ ነው የሚለካው። ከፊት ያለው መኪና ምሰሶ ሲያልፍ ቁጠሩ፤ እናንተ እዚያ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለባችሁ። ሌላው ገብቶ ክፍተቱን ከዘጋው እንደገና ራቁ። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል አጥፉት፤ ጎማው ሲንሳፈፍ ነዳጅ የሚሰጥ እንግዳ እግር አያስፈልጋችሁም።

የማይታየው በረዶ

ብላክ አይስ የሚሉት ስስና ግልጽ ስለሆነ ሥሩ ያለውን አስፋልት ያሳያል፤ እርጥብ መንገድ ነው የሚመስለው። የማውቅበትን ልንገራችሁ። ከፊታችሁ ያለውን መኪና ጎማ እዩ። መንገዱ እርጥብ መስሎ ከጎማው ሥር ውሃ የማይረጭ ከሆነ፣ ያ ውሃ አይደለም። ቀጥሎ ጆሯችሁን አምጡ፤ የጎማው ድምፅ በድንገት ጸጥ ካለ፣ ደስ አይበላችሁ። የመኪናው ቴርሞሜትር የሚለካው አየሩን ነው፤ አየሩ 3 ዲግሪ ሲል መንገዱ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ጠራ ያለ ሰማይ ካደረ በኋላ ጎህ ሲቀድ። ድልድይ ከሥሩም ከላዩም አየር ስለሚመታው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ዛፍና ገደል የሚያጠሉበት ኩርባ እስከ ቀትር ላይቀልጥ ይችላል።

ላዩ ላይ ከገባችሁ ምንም አታድርጉ። እግራችሁን ከነዳጁ አላሉት፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍሬን አትንኩ። ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ታልፉታላችሁ።

ዳገትና ቁልቁለት

ዳገት የሚወጣው ከታች በተያዘ ፍጥነት ነው። ከፊታችሁ ያለው ጫፉ ላይ እስኪደርስ ታች ጠብቁ፤ መሐል ላይ ከቆመባችሁ እናንተም ትቆማላችሁ፣ መሐል ላይ የቆመ መኪና ደግሞ እንደገና መነሳት ላይችል ነው። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ አትጨምሩ፣ ቀንሱ። ካቃተ ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ውረዱ፤ ዳገት ላይ ለመዞር መሞከር መኪናውን ጎኑን ለቁልቁለቱ መስጠት ነው።

ቁልቁለቱን ሳትጀምሩት ማርሽ ቀንሱ። አውቶማቲክም ቢሆን «ኤል» ወይም ቁጥሩን የምትመርጡበት አለው። ጽዳት የሚሠራውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ከፊታችሁ ካገኛችሁ አትቅደሙት፤ ከኋላው ያለው መንገድ ከፊቱ ካለው የተሻለ ነው፣ ከላዩም ላይ ጨው እየበተነላችሁ ነው።

ስትቀረቀሩ

መጀመሪያ ነዳጅ መስጠት አቁሙ። እየተሽከረከረ ያለ ጎማ ሥሩን ያቀልጣል፣ የቀለጠው ደግሞ ወዲያው ግግር ይሆናል፤ ጉድጓዱን የምትቆፍሩት እናንተው ናችሁ። ውረዱና የሚገፋውን ጎማ ፊትና ኋላ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር የገባውንም በአካፋ አውጡ። አሸዋ በትኑ፤ ከሌለ የወለሉን ምንጣፍ ጎማው ሥር ሸጉጡ፣ ግን ከኋላው ሰው አይቁም፣ ምንጣፉ ይወረወራል። መሪውን ቀጥ አድርጉ። መሽከርከርን የሚከለክለውን ሥርዓት ለጊዜው አጥፉት፤ እዚህ ላይ ጉልበቱን ስለሚነሳችሁ። ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ፔዳሉን እየዳሰሳችሁ አወዛውዙት፤ ስትወጡ መልሳችሁ አብሩት።

መኪናው ውስጥ አካፋ፣ አሸዋ፣ መፋቂያ፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ መጎተቻ፣ ውሃና የሚበላ ነገር ይኑር። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ እንዳይረጋ በብርድ የማይጠጥር ፈሳሽ ሙሉበት። የነዳጅ ጋኑን ከግማሽ በታች አታውርዱ። ናፍጣ ነጂዎች ለብርድ የተዘጋጀውን ናፍጣ ቅዱ፤ ተራው ሲበርድ ሰም አውጥቶ ማጣሪያውን ይዘጋዋል።

መውጣት ካልቻላችሁና ዕርዳታ መጠበቅ ካለባችሁ መኪናውን ጥላችሁ አትሂዱ፤ በረዶ እየነፈሰ በእግር የሄደ ሰው መኪናውን መልሶ ላያገኘው ይችላል። የሚቃጠል ነዳጅ ያለው መኪና ከሆነ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫው በረዶ እንዳልደፈነው ወርዳችሁ አረጋግጡ። ከተደፈነ የማይታይ የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል አስነስታችሁ አሙቁ፣ ነፋስ በማይመታበት በኩል መስኮቱን የጣት ያህል ክፈቱ፣ ማውጫውንም በየጊዜው ወርዳችሁ ጥረጉት። አደጋ መብራቱ ባትሪ ይጨርሳል፤ ሌላ መኪና ሲመጣ ካልሆነ አታብሩት።

ቤት ደርሳችሁ ስታቆሙ፣ ቦታው ሜዳ ከሆነ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። እርጥቡ ሲረጋ ከነሸራው ተጣብቆ ያድራል። ባለ ፍሪሲዮኑን በአንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲኩን በ«ፒ» ላይ ተዉት፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ቢጤ አስጠጉ፣ ዝናብ መጥረጊያውንም ከመስታወቱ አንስታችሁ አቁሙት።